ክትባቱ ልጆቻችን ካሉበት ይድረስ

በደሴ ከተማ የክትባት ሥራን ለምታቅዱ፣ ለምትመሩና ለምትቆጣጠሩ የጤናና የትምህርት ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የአካል ጉዳት ያለባቸው ታዳጊዎች ከክትባት እየቀሩ ስለመሆናቸው

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የምናሳድግ የደሴ ወላጆች ነን። ከሆጤ አለን፣ ከሰኞ ገበያ አለን፣ ከቧንቧ ውሃና ከሮቢትም አለን። ከገራዶ በኩል የሚመጡም አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በመካከላችን ነው። ከልጆቻችን በዊልቸር የሚሄዱ አሉ፣ በክራንች የሚራመዱ አሉ፣ እጅ ወይም እግር ያጡ አሉ። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸውም አሉ። የእኔ የሰብሳቢዋ ልጅ ስትወለድ ጀርባዋ ላይ ክፍተት ነበራት። ሐኪሞቹ ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም።

በየቢሮው ሄደን በቃል ተናግረናል። «እናየዋለን» ተብለን ተመልሰናል። ሌላ የክትባት ዙር ከመጀመሩ በፊት ነገሩ በጽሑፍ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ ብለን ነው አሁን ወደ ግልጽ ደብዳቤ የመጣነው።

ባለፈው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ዙር የሚከተቡት ልጃገረዶች ስም የተለቀመው ከትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ደግሞ «ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ» ተባለ። ይህ የተነገረን በሞንታርቦ ነው። መኪናው አስፋልቱን ይዞ እየተናገረ አለፈ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ኮረኮንችና የድንጋይ ደረጃ ባለበት ዳገት ላይ ነው። ማስታወቂያው የደረሳቸውም ቢሆኑ ልጃቸውን ይዘው መውረድ አልቻሉም። ዙሩ ተጠናቀቀ፣ ሪፖርቱ ተላከ፣ ከልጆቻችን ብዙዎቹ እቤት ቀሩ።

የምንናገረው ስለ ቀላል ነገር እንዳይመስል ስለ ክትባቱ ጥቂት እናስቀምጥ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህን የሚያነብ ጎረቤት ግን ላያውቀው ይችላል። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ 2ኛው ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከ10 የማኅፀን በር ካንሰር 7 ያህሉን ያመጣሉ። ክትባቱ በደንብ የሚከላከለው ቫይረሱ ሳይቀድም ሲሰጥ ነው። በልጅነት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ስትጀምረው 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች፣ በ6 ወር ልዩነት 2 ጊዜ ይሰጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት፣ 1 ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ስንሰማ ደስ ብሎን ነበር። ልጅ ተሸክሞ አንድ ቀን መውጣትና ሁለት ቀን መውጣት አንድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ያቺ ቀን ያለፈቻት ልጅ ሁሉም ነገር አለፋት ማለት ነው። ስለዚህ ቀኗን የምታቅዱት እናንተ እያንዳንዷን ልጅ አስባችሁ ማቀድ አለባችሁ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ስም ዝርዝሩ ነው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱም። የጀመሩትም ያቋርጣሉ። በሰኞ ገበያ በኩል የምናውቃት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ አዝላ ታመላልሳት ነበር። ከዚያ ልጅቷ ከበደች፣ የእናትየዋም ወገብ እምቢ አለ። ልጅቷ እቤት ቀረች። በመዝገብ ላይ ስለሌለች ለክትባቱ ስሟን የጠራ ሰው የለም። የ10 ዓመት እህቷ ግን ትምህርት ቤት ተከተበች። ጥጡን ክንዷ ላይ በጣቷ እንደያዘች እየሮጠች መጥታ አሳየቻት። ትልቋ «እኔስ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። እናትየዋ የምትመልሰው ጠፋት።

ለዚህች እናት «ጤና ጣቢያ ይዘሻት ነይ» ማለት መልስ አይሆንም። ደሴን እናንተም ታውቋታላችሁ። ከጦሳ ሥር ያለ ሰው ልጁን ይዞ እስከ ፒያሳ መውረድ ምን እንደሚመስል አይጠፋችሁም። በክረምት ጭቃው፣ በብርዱ ወቅት ውርጩ አለ። የባጃጅ ሹፌር ዊልቸር ሲያይ ወይ አይቆምም፣ ወይ ኮንትራት ይላል። የኔ ልጅ ተከትባለች። የተከተበችው ግን ማንም ፈልጎ አግኝቷት አይደለም። ኮንትራቱን መክፈል ስለቻልኩ ነው። እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት የቀን ገቢዋን ለባጃጅ ስጪ ልትባል አይገባም።

ሪፖርቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። የተከተቡት ቁጥር የሚለካው ከትምህርት ቤት በተለቀመው ስም ከሆነ፣ እቤት የቀረችው ልጅ ከመነሻውም አልተቆጠረችም። መቶኛው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ባየነው የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ አካል ጉዳትን የሚጠይቅ ዓምድ የለም። እና ነገ «ከእነዚህ ልጆች ስንቱ ተከተበ?» ብንላችሁ ከየት አምጥታችሁ ትመልሱልናላችሁ?

ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤት ያሉትም ቢሆኑ ይቀራሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ክትባቱ የተሰጠው ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ነው። በክራንች የምትሄድ የ7ኛ ክፍል ልጅ «እዚሁ ጠብቂ፣ ወርደን እንከትብሻለን» ተባለች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሌላ ትምህርት ቤት ስለሚጠብቃቸው ተቻኩለው ወጡ። እሷም አፍራ ዝም አለች። ማታ አባቷ ሲጠይቃት ነው ነገሩ የታወቀው። ማንም ክፉ አስቦ አይመስለንም። ግን ጠረጴዛውን ምድር ቤት ማድረግ ምን ያህል ይከብድ ነበር? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ሕንፃው እስኪስተካከል ዓመታት ቢፈጅ እንኳ ጠረጴዛ ማውረድ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል። በአንድ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጇን በዊልቸር ይዛ ሄደች። ተራዋ ሲደርስ ሲስተሯ ልጅቷን አየች፣ እናትየዋን አየችና «ለሷ ደግሞ ምን ያደርግላታል?» አለች። ልጅቷ እዚያው ናት። ትሰማለች። ሰውነቷ እንጂ ጆሮዋም አእምሮዋም ምንም አልሆነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤና ጣቢያ እንሂድ ሲሏት እሺ አትልም።

ይህን ጥያቄ ሌሎቻችንም ሰምተነዋል። በግልጽ የማይናገረው ሰውም ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከጀርባው ያለው ሐሳብ «እሷ አታገባም፣ አትወልድም፣ ይህ በሽታ ወዴት ያገኛታል?» የሚል ነው። መልሳችንን ሳንደብቅ እንናገር።

ልጆቻችን ያድጋሉ። ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቤት ይመሠርታሉ። በዚህችው ከተማ የአካል ጉዳት እያለባቸው ልጆች ወልደው ያሳደጉ እናቶች አሉ። ሌላም አለ፣ ለመናገር የሚያሳፍር ግን ዝም የማይባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው በብዙ ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ግምገማ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለወሲባዊ ጥቃት የሚጋለጡት ከሌሎች ልጆች ወደ 3 እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። መሮጥ የማትችል ልጅ፣ እናቷ ለእንጀራ ስትወጣ ብቻዋን እቤት የምትውል ልጅ፣ አጥቂ የት እንዳለች ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ክትባት ይጠብቃታል አንልም። ነገር ግን «እሷን ቫይረሱ አያገኛትም» የሚል ሰው ስለ ልጆቻችን ሕይወት አያውቅም።

ከዚህም በላይ ነገ አለ። የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በሀገራችን የሚሰጠው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ምርመራው ከፍ ያለ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ እግር ከፍቶ መተኛት ይጠይቃል። እግሯ የማይታዘዝላት ወይም ጡንቻዋ የሚኮማተር ሴት ይህን ምርመራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚቸግራት እናንተ ባለሙያዎቹ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ነገ በምርመራ መዳን የሚከብዳትን ልጅ ዛሬ በክትባት መጠበቅ ሲገባ፣ ከሁሉ በፊት የምትረሳው እሷ ሆናለች።

አራተኛው ቅሬታችን ያለ በቂ ምክንያት ስለሚመለሱት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ «መድኃኒት ላይ ስለሆነች አይቻልም» ተብላ ተመለሰች። ይህ ከክትባቱ መመሪያ ጋር አይሄድም። ክትባቱን የሚከለክለው ቀደም ሲል በዚሁ ክትባት ወይም በውስጡ ባለ ነገር ከባድ አለርጂ መታየቱ ነው። እርጉዝ ለሆነች አይሰጥም፤ በጠና ለታመመች ደግሞ እስኪሻላት ይዘገያል። የቆየ፣ የተረጋጋ የነርቭ ችግር ምክንያት አይሆንም።

ሌላዋ ልጅ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ቆስላ ግራ እጇን ያጣች ናት። ቀኝ ክንዷም በፍንጣሪ ተጎድቶ ጡንቻው መንምኗል። «ክንዷ ስለማይመች ሐኪም ይያት» ተባለች። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ክትባቱ እዚያ የለም። ክንድ ባይመች የጭን ጡንቻ አለ። ሕፃናት የሚከተቡት በጭናቸው አይደለም እንዴ? ይህን አንድ መስመር የሚነግራት ጠፍቶ ልጅቷ ሳትከተብ 15 ዓመት ሞላት።

የስፓይና ቢፊዳ ልጆችን ጉዳይ ለብቻው እናንሳ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ብዙዎቹ የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) አለርጂ ይኖራቸዋል። ክትባቱ አያስቸግራቸውም። የባለሙያው ጓንት ከላቴክስ የተሠራ ከሆነ ግን ሊያስቸግር ይችላል። ቢያንስ ወላጅን መጠየቅ ይገባል። እኔ ራሴ ካልተናገርኩ በቀር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

አምስተኛ። «ለአንድ ልጅ ብለን ቫያል (የክትባት ጠርሙስ) አንከፍትም» ተብለን የተመለስን አለን። ይህ ለኩፍኝ ክትባት ሲባል ይገባናል። በአብዛኛው 10 ሰው የሚከተብበት ቫያል ስለሆነና አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ነው። ሀገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባቱን ስትጀምር የተጠቀመችበት ጋርዳሲል ግን ተዘጋጅቶ በፈሳሽ የሚመጣ፣ አንዱ ቫያል ለአንድ ሰው የሆነ ክትባት ነው። አንዲትን ልጅ ቤቷ ሄዶ ቢከትቡ የሚባክን ነገር የለም። የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠብቅ የክትባት መያዣ ሣጥን፣ መርፌና አንድ ባለሙያ ነው። ሣጥኑ በትከሻ የሚንጠለጠል ነው፤ በየሰፈሩ ሲዞር እናየዋለን።

በቁስል በኩል የሚገባውን የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) በሽታ ክትባትንም በአጭሩ እናንሳ። ለረጅም ሰዓት ተቀምጠው ወይም ተኝተው የሚውሉ ልጆቻችን ቁስል አያጣቸውም። ሰው ሠራሽ እግር የሚያደርጉትም ይላጣሉ። በዚህ በኩል ወንዶቹም ሴቶቹም እኩል ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ጦርነቱ ያደረሰውን አንረሳም። የከተማችን ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ባለሙያዎቹ ከባዶ ተነሥተው እዚህ ደርሰዋል። በቂ ሰውና መኪና እንደሌላችሁም እናያለን። ነገር ግን የምንጠይቃችሁ አብዛኛው ነገር ገንዘብ አይፈልግም፤ አስቀድሞ ማሰብን ነው የሚፈልገው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 25 የጤና አገልግሎት ከሌላው ሰው እኩል በሆነ ዓይነትና ጥራት፣ በተቻለ መጠንም ለመኖሪያቸው ቀርቦ እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ስለዚህ ውለታ አንጠይቅም።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦

የሚቀጥለው ዙር ከመጀመሩ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ፣ ትምህርት ቤት የማይሄዱ ወይም መንቀሳቀስ የሚቸግራቸው ልጃገረዶችን ስም ይያዙ። ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። ማየትን፣ መስማትን፣ መራመድን፣ ማስታወስን፣ ራስን መንከባከብንና መግባባትን የሚመለከቱ 6 አጫጭር ጥያቄዎች በዓለም ዙሪያ ተዘጋጅተው በሥራ ላይ ናቸው። የየሰፈሩ እድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ በከተማችን ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከልም የት ቤት ማን እንዳለ ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው። እኛም የምናውቃቸውን ልጆች ዝርዝር ወላጆቻቸውን አስፈቅደን እናስረክባለን፤ ቤቱ ድረስ የሚመራ ሰውም ከመካከላችን እንመድባለን።

በእያንዳንዱ ዙር ቤት ለቤት የሚከተብበት ቀን ይመደብ፤ ቀኑም ከዘመቻው መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር ይታቀድ። መጨረሻ ላይ ሲሆን ሰዉም ይደክማል፣ ክትባቱም ያልቃል፣ ልጆቻችንም ይቀራሉ።

በትምህርት ቤትም በጤና ጣቢያም ክትባቱ ምድር ላይ፣ ደረጃ በሌለበት ቦታ ይሰጥ። ከክትባት በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ሲቆዩ ዊልቸር የሚያስገባ ቦታ ይኑር።

ለሚከትቡት ባለሙያዎች ግማሽ ገጽ የምትሆን ማስታወሻ ይሰጣቸው። ማን መከተብ እንደማይችል፣ ክንድ ሲያስቸግር የት እንደሚወጋ፣ ስለ ላቴክስ እንዲጠይቁ ይጻፍበት። ልጅቷን ራሷን እንዲያናግሯት፣ በፊቷም «ምን ያደርግላታል» እንዳይሉም ይጻፍበት።

በእናንተ ዕቅድ ምክንያት ሳይከተቡ 15 ዓመት ያለፋቸው ልጃገረዶች እንዲከተቡ መንገድ ይፈለግ። ክትባቱ ልጅቷ 15 ሲሞላት መሥራቱን አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅትም አቅም ሲኖር ከዚያ በላይ ላሉት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በእናንተ ሥልጣን የማይወሰን ከሆነ ለበላይ አካል ጻፉልን፤ ግልባጩንም ስጡን።

በመመዝገቢያው ላይ አካል ጉዳትን የሚያሳይ ዓምድ ይጨመር። ዙሩ ሲያልቅ ስንት እንደተከተቡና ስንት እንደቀሩ ለሕዝብ ይነገር።

ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በጽሑፍ፣ የሚቀጥለው ዙር የስም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እንጠብቃለን። ለመነጋገር ከጠራችሁን ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን። ስለዚህ ስብሰባው ደረጃ በሌለበት አዳራሽ ይሁንልን።

ከአክብሮት ጋር

የአካል ጉዳት ያለባቸውን ታዳጊዎች ወላጆች በመወከል
የወላጆቹ ሰብሳቢ፣ የ12 ዓመት ልጅ እናት
ደሴ